ከአጓት የሚወጣ ስኳር፦ ባክቴሪያ ካሎሪው ያነሰ ጣፋጭ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ሻይ የሚጠጣው ለመሞቅ ነው። ስኳሩም የሙቀቱ አካል ነው። አክስቴ ቤት ብርጭቆ ሲቀርብ «ስንት ማንኪያ ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሦስት ነው፣ አለቀ።

እትዬ ስኳር ከተገኘባቸው በኋላ ግን ይህ ቀረ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስሄድ ትንንሽ ነጫጭ የማጣፈጫ ፍሬዎች ይዤላቸው ሄድኩ። ሁለቱን ሻዩ ውስጥ ጣል አድርገው አማሰሉና ፉት አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይላል» አሉኝ። ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ፦ «ስኳር ሆኖ፣ እንደ ስኳር የማይጎዳ ስኳር የለም?»

ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩላቸውም። መልሱ ግን አለ፣ ደስ የሚልም ነው። ሰውነታችን በደንብ ሊያቃጥላቸው የማይችል እውነተኛ ስኳሮች አሉ። ዛሬ እነሱን የሚሠሩልን በዋናነት ከባክቴሪያ የተገኙ ኢንዛይሞች ናቸው፤ አንዱን ሞለኪዩል ወደ ሌላ የሚለውጡ ጥቃቅን ሠራተኞች በሏቸው። ከጥሬ ዕቃዎቹ አንዱም በየቀኑ ጓሯችን የምንደፋው አጓት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ እንይ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው የተሠራ ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ ደግሞ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተያይዘው ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ሁለት ስሞች እንጨምር፤ ታጋቶስና አሉሎስ። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ጋላክቶስ፣ ታጋቶስ፣ አሉሎስ፤ አምስቱም የተሠሩት ከ6 የካርቦን፣ ከ12 የሃይድሮጅንና ከ6 የኦክስጅን አቶሞች ነው። ሲቆጠሩ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ አደራደራቸው ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ከፊደላችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ፣ ቡ፣ ቢ ብላችሁ ጻፉ። አካሉ ያው «በ» ነው። ጎኑ ላይ የምትወጣዋ ጭረት ግን ከመሐል ወደ ታች ስትወርድ ድምፁ ይለወጣል። «በላ» እና «ቢላ» የተለያዩት በዚያች ጭረት ብቻ ነው። ስኳሮቹም እንደዚያ ናቸው። የፍሩክቶስን አንድ እጅ ከቀኝ ወደ ግራ ብታዞሩት ታጋቶስ ይሆናል። ሌላኛውን እጁን ብታዞሩት አሉሎስ ይሆናል።

ምላሳችን ሲያነብ ብዙ አይጠነቀቅም። ሁሉንም «ጣፋጭ» ብሎ ያሳልፋቸዋል። ከምላስ በታች ያለው ሰውነት ግን ጠንቃቃ አንባቢ ነው። የአንጀታችንና የጉበታችን ኢንዛይሞች ግሉኮስን ሲያዩ ወዲያው ያውቁታል፣ ይወስዱታል፣ ኃይል ያደርጉታል። ታጋቶስ ሲመጣ አብዛኛው ቀጭን አንጀት ውስጥ ሳይመጠጥ ያልፍና ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። አሉሎስ ደግሞ አብዛኛው ወደ ደም ይገባል፤ ግን የሚያቃጥለው ስለሌለ በኩላሊት በኩል ተጣርቶ በሽንት ይወጣል።

በቁጥር ስናየው ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ግራም የሻይ ስኳር 4 ካሎሪ ገደማ አለው። ታጋቶስ 1.5 አካባቢ ነው። አሉሎስ 0.4 ብቻ። ጣዕማቸው ሲመዘን ታጋቶስ የስኳርን 90 ከመቶ ያህል ይጣፍጣል፣ አሉሎስ 70 ከመቶ። የአክስቴን ሦስት ማንኪያ እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል፤ ሦስቱ 12 ግራም ነው። በብርድ አገር በቀን አራት ብርጭቆ መጠጣት ምንም አይደለም፤ 48 ግራም ስኳር ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። በሻይ ብቻ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

እኔ የወሰድኩላቸው ዓይነት ፍሬዎች ሌላ ነገር ናቸው። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል፣ ሱክራሎስ 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣሉ። ስለዚህ የሚጨመረው ኢምንት ነው። ስኳር የሚሰጠውን ውፍረት አይሰጡም፣ ዳቦና ኬክም ቡናማ አያደርጉም። ታጋቶስና አሉሎስ ግን እንደ ስኳር ይሰፈራሉ፣ እንደ ስኳር ይሟሟሉ፣ እሳት ሲነካቸው ቡናማ ይሆናሉ። ራሳቸው ስኳር ናቸዋ።

ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆኑ ለምን በየሱቁ አናገኛቸውም? ተፈጥሮ በጣም ቆጥባ ስለሰጠችን ነው። አሉሎስ በለስና ዘቢብ ውስጥ አለ፣ ታጋቶስም በሞቀ ወተት ውስጥ ይገኛል፤ ግን እጅግ በጣም በትንሹ። ከእነዚህ ለቅሞ ኪሎ መሙላት የማይታሰብ ነው። ያለው መንገድ አንዱን ስኳር ወስዶ እጁን ማዞር ነው። ለዚህ ነው ኢንዛይም የሚያስፈልገው።

ኢንዛይም የሚለው ቃል ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ይመስላል እንጂ ሥራው እንግዳ አይደለም። ጠላ የጠመቀ፣ አረቄ ያወጣ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ይደርቃል። እስቲ አንድ ፍሬ ደረቅ ብቅልና አንድ ፍሬ ጥሬ ገብስ ለየብቻ አላምጡ። ጥሬው ዱቄት ዱቄት ይላል። ብቅሉ ይጣፍጣል። ማንም ስኳር አልጨመረበትም። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የፈጠራቸው ኢንዛይሞች ስታርቹን፣ ማለትም ዱቄታማውን ክፍል፣ መቁረጥ ጀምረው ነው። ጋኑ ውስጥ ደግሞ የቂጣውንና የእንኩሮውን ስታርች እየቆረጡ ስኳር ያደርጉታል፤ እርሾው ያንን ስኳር በልቶ አልኮል ያወጣል። በእኛ ቤት ብቅል በፀሐይ ይደርቃል እንጂ ምጣድ ላይ አይቆላም። እናቶቻችን ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቋንቋ አልነገሩንም፤ ነገር ግን ትክክል ናቸው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። የእንቁላል ነጭ ሲበስል ደንድኖ እንደሚቀር ሁሉ፣ ኢንዛይምም ከልክ በላይ ሲሞቅ ቅርጹ ይበላሻል። ቅርጹ ከተበላሸ ሥራው አለቀ።

ቅርጽ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ኢንዛይም እንደ ቅርጫት ውስጡ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ትክክለኛው ሞለኪዩል እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ይታጠፋል ወይም ይቆረጣል፣ ይወጣል። ኢንዛይሙ አይበላም፣ አያልቅም። ቀጣዩን ይቀበላል።

አሁን ወደ አጓቱ እንመለስ። ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ የቅቤና የወተት መንገድ ነው። የሸኖ ቅቤን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ቅቤው ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው ግን ብዙ አይወራም። ጫጫ አካባቢ ዘመዶች ቤት አይብ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይለያል፣ አሬራው ይቀራል። አሬራው ለዘብ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንዲሞቅ እንጂ እንዲንተከተክ አይፈለግም። ቀስ በቀስ ነጩ እየተሰበሰበ ይመጣል። በጨርቅ ሲጠለል ከታች ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብጫ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አጓት ማለት እሱ ነው። የዚያን ቀኑ ግማሹ ለጥጃ፣ ግማሹ ለውሻ ሄደ። ቀሪው ተደፋ።

ያ የተደፋው ውሃ ውስጥ ላክቶስ አለ። ፋብሪካ ውስጥ ከትኩስ ወተት አይብ ሲሠራ ከ10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብና 9 ሊትር ያህል አጓት ይወጣል። የእያንዳንዱ ሊትር አጓት 45 ግራም ያህል ላክቶስ ነው። የቤቱ አጓት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ወደ አሲድ ለውጠውታል። ጎምዛዛነቱ ከዚያ ነው የመጣው።

ሥራው በሁለት እርምጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ላክቶስን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ጋላክቶስ። ቀጥሎ ሌላ ኢንዛይም ጋላክቶሱን ይዞ ታጋቶስ ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛው ኤል-አራቢኖስ አይሶሜሬዝ ይባላል። ስሙ ረዥም ቢሆንም ታሪኩን ይናገራል። አራቢኖስ በዕፅዋት ገለባና ልጣጭ ውስጥ የሚገኝ ስኳር ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ኢንዛይም የያዙት እሱን ለመብላት ነው። ጋላክቶስ መልኩ ከአራቢኖስ ጋር ስለሚቀራረብ ኢንዛይሙ ተቀብሎ ይለውጠዋል። ይለውጠዋል እንጂ አይቸኩልም፤ ዋና ሥራው አይደለምና።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚስበኝ ነው። ኢንዛይሙ እያለ፣ ጋላክቶሱ እያለ፣ ታጋቶስ ለብዙ ዓመታት ውድ ሆኖ የቆየው በሦስት እንቅፋቶች ምክንያት ነው።

አንደኛው ሚዛን ነው። በአንድ በር የተገናኙ ሁለት በረቶች አስቡ። ጥጆቹን በሙሉ በግራው በረት አስገብታችሁ በሩን ከፈታችሁ። ወደ ቀኝ መሄድ ይጀምራሉ። ግን ወደ ቀኝ የሄደው ተመልሶ ወደ ግራም መምጣት ይችላል። ቆይቶ የሚሄዱትና የሚመለሱት እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ በረቱን ብትቆጥሩ ቁጥሩ አይለወጥም። ኢንዛይም በሩ ነው እንጂ እረኛው አይደለም። መሄዱንም መመለሱንም ያፈጥናል። ጋላክቶስ ወደ ታጋቶስ ሲለወጥም ሚዛኑ የሚቆመው ገና ግማሹ እንኳ ሳይለወጥ ነው። ቀሪውን ጋላክቶስ ከታጋቶሱ መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ሙቀት ሲጨመር ሥራው ይፈጥናል፣ ሚዛኑም ወደ ታጋቶስ ያዘነብላል። ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ይጠብቃል፤ ሙቀት ሲጨመር ኢንዛይሙ ይበላሻል። አንዱን ስታክም ሌላው ይታመማል። ሰዎች በፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ፈልገው ሞክረዋል። እሱም ችግሩን በከፊል ነው የፈታው፤ በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ስኳሩ ራሱ መቅላትና መበላሸት ይጀምራል።

በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ቦበርና ኒኪል ናይር በ2019 ያሳተሙት ሥራ ሦስቱንም ባንድ ላይ ለመያዝ የሞከረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኢንዛይሙን ብቻውን ውሃ ውስጥ አልለቀቁትም። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም በሚባል ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ እንዲፈጠርና እዚያው እንዲቀመጥ አደረጉት። ይህ ባክቴሪያ ለእኛ ባዳ አይደለም። ከጤፍ ሊጥና ከቆጮ ተለይተው ከታወቁት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። የእንጀራ ተመጋቢ ሁሉ ዝምድና አለው።

ባክቴሪያው ሁለት ውለታ ዋለ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ኢንዛይሙ በሙቀት ቶሎ እንዳይፈርስ ከለለው። ገቢና ወጪውን የሚለየው ቆዳው ደግሞ ጋላክቶስን ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ የተሠራው ታጋቶስ ወደ ውጭ ይወጣል። በረቱ በር ላይ በረኛ ቆመ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከተለመደው ሚዛን አልፎ ሄደ። አንድ ችግር ግን አመጣ። ያው ቆዳ መግቢያውን ስላጠበበው ሥራው ተጓተተ። ለዚህም የሳሙና ዘር የሆነ ኬሚካል በመጠኑ ተጠቅመው ቆዳውን ትንሽ አሳሱት። ብዙ ቢያሳሱት በረኛው ይጠፋል፣ ምንም ባያሳሱት ወረፋው ይረዝማል። ልኩን ማግኘት ነበር ጥበቡ።

ውጤቱ ይህ ነው። 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ በሊትር 54 ግራም ያህል ጋላክቶስ ካለው ውሃ ተነሥተው በ4 ሰዓት ውስጥ ግማሹን፣ በ48 ሰዓት ደግሞ 85 ከመቶውን ወደ ታጋቶስ ለወጡ። 50 ዲግሪ ማለት እጅ ቢነከር የሚያቃጥል፣ ከመፍላት ግን በጣም የራቀ ውሃ ነው።

ይህን ቁጥር ይዤ በወረቀት አሰላሁት። 100 ሊትር ትኩስ የፋብሪካ አጓት 4.5 ኪሎ ላክቶስ ይይዛል። ሲከፈል ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ጋላክቶስ ይወጣዋል። 85 ከመቶው ቢለወጥ 2 ኪሎ ገደማ ታጋቶስ ነው። እውነተኛው ፋብሪካ ውስጥ ከዚህ ይቀንሳል፤ ማጣራቱ፣ መለየቱና ማርጋቱ ሁሉ ከላዩ ይቀንሳሉ። ቢሆንም ለውሻ ከተሰጠው ውሃ 2 ኪሎ ስኳር የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከባክቴሪያ በፊት የነበረውን መንገድም ላንሳ። ታጋቶስን ካሎሪው ያነሰ ማጣፈጫ ለማድረግ ከተነሡት ዋነኛው ጊልበርት ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች የማርስን አፈር እየመገቡ ሕይወት መኖሩን የፈተሹበትን አንዱን ሙከራ የነደፈው እሱ ነው። ሰውነት የማያቃጥለው ስኳር ሲፈልግ ቆይቶ በ1980ዎቹ ታጋቶስ ላይ ደረሰ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2001 ለምግብነት እንዲውል ያለ ተቃውሞ አሳለፈው። በዚያን ጊዜ ጋላክቶሱ የሚለወጠው በተቦካ ኖራ ዓይነት ኬሚካል ነበር። ኖራ ግን የስኳሩን አንድ እጅ ለይቶ ማዞር አይችልም። ያገኘውን ሁሉ ይነካል። የማይፈለጉ ነገሮችም አብረው ይፈጠራሉ፤ እነሱን ማጠብ ዋጋውን ሰቀለው። ኢንዛይም የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ የታዘዘውን እጅ ብቻ ያዞራል።

አሉሎስ በገበያ ከታጋቶስ ቀድሞ ሄዷል። በጃፓን የካጋዋ ዩኒቨርሲቲው ኬን ኢዙሞሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአፈር ባገኘው ባክቴሪያ ውስጥ ፍሩክቶስን ወደ አሉሎስ የሚለውጥ ኢንዛይም አገኘ። ከዚያ በኋላ ከሌሎች ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ ኢንዛይሞች ተገኙ። ሚዛኑ እዚህም አለ፤ ከ100 ፍሩክቶስ ወደ አሉሎስ የሚለወጠው 30 ያህሉ ነው። ፋብሪካዎቹ አሉሎሱን ለይተው ቀሪውን መልሰው ያስገባሉ። በ2019 የአሜሪካው አስተዳደር አምራቾች አሉሎስን በምግብ መለያ ወረቀት ላይ ከስኳር ቁጥር ውስጥ እንዳያስገቡት ፈቀደ። ገበያውን የከፈተለት አንዱ ይህ ነው።

«ይህ ሁሉ ላብራቶሪ ውስጥ የሚቀር ወሬ ነው» የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በ1957 ሳይንቲስቶች ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ የሚለውጥ የባክቴሪያ ኢንዛይም አገኙ። እሱም የራሱ ሥራ ሌላ ነበር፤ ዛይሎስ የሚባል የእንጨት ስኳር መለወጥ። በ1960ዎቹ ጃፓኖች ለፋብሪካ አበቁት። ዛሬ በብዙ አገር ለስላሳ መጠጥ የሚጣፍጠው የበቆሎ ሽሮፕ በዚህ ኢንዛይም የሚሠራ ነው። ያ ሽሮፕ ካሎሪው እንደ ስኳር ስለሆነ ለጤና ያመጣው ጥቅም የለም። ግን የባክቴሪያ ኢንዛይም በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ስኳር ሊለውጥ እንደሚችል አሳይቶናል።

የተፍትስ ቡድንም እዚያው አልቆመም። በ2025 ይፋ ባደረገው ሥራ ከጋላክቶስ ፋንታ በርካሽ ከሚገኘው ከግሉኮስ ተነሣ። አተላ ሻጋታ ልንለው ከምንችለው የጫካ አፈር ነዋሪ አንድ ኢንዛይም ወስደው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያው ጋላክቶስን ወደ ግሉኮስ የሚለውጥበትን የተፈጥሮ መንገድ ወደ ኋላ እንዲሄድ አደረጉት። ተመራማሪዎቹ ምርቱ እስከ 95 ከመቶ እንደሚደርስ አሳውቀዋል። ይህ ከሰፋ አጓት ብቸኛው ምንጭ መሆኑ ይቀራል፤ ከበቆሎ ስታርች የሚገኝ ግሉኮስ ይበቃል።

ወደ ጤናው ልምጣ፤ አክስቴን የሚመለከተው ይህ ነውና። ታጋቶስና አሉሎስ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደ ሻይ ስኳር አያንሩም። ያ ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒት ግን አይደሉም። ኪኒን ወይም መርፌ አይተኩም። ታጋቶስ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ያህል ሲወሰድ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ጋዝ ያወጣሉ። ከውልደት ጀምሮ ፍሩክቶስን መፍጨት የማይችሉ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ታጋቶስን ጨርሶ መውሰድ የለባቸውም።

አንድ ማደናገሪያም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቀነስ ሲባል ማጣፈጫ ከመጠቀም መታቀብን መክሯል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨመራቸው። ምክሩ የሚመለከተው እንደ አስፓርቴም፣ ሱክራሎስና ስቴቪያ ያሉትን ነው፤ ካሎሪያቸው ያነሰ ስኳሮችን አይጨምርም። ቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎችም አይመለከትም። ይህ ማለት ታጋቶስ ተመረቀ ማለት አይደለም። ገና ብዙ ዓመት መጠናት ያለበት ነገር ነው፤ እኔም ለማንም በብዛት ብሉት አልልም።

«ታዲያ ባክቴሪያ ልንበላ ነው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አይደለም። ባክቴሪያውና ኢንዛይሙ ሥራቸውን ሲጨርሱ ተጣርተው ይወጣሉ። ስኳሩ ይጸዳል፣ ውሃው ይተናል፣ ነጭ ፍሬ ሆኖ ይረጋል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ስኳሩ ብቻ ነው። ባክቴሪያን ከነሕይወቱ በመብላት ረገድ እርጎና አይብ ይቀድማሉ።

የእኛን አገር በተመለከተ ሐሳቤን ልናገር። ነገ ጠዋት ጫጫ ላይ የታጋቶስ ፋብሪካ ይከፈት አልልም። ኢንዛይሙን ማምረት፣ ስኳሮቹን መለየት፣ ንጹሕ ውሃና የማይቆራረጥ መብራት ማግኘት ከባድ ነው። የቤቱ አጓትም በየጓሮው የተበተነ ነው፤ ሳይሰበሰብ ይጎመዝዛል። መጀመሪያ የሚመጣው ወተት የሚሰበስቡ ማኅበራትና አይብ የሚሠሩ ድርጅቶች አጓታቸውን በንጽሕና መያዝ መልመዳቸው ነው። ከዚያ ላክቶሱን ማድረቅ ይቻላል፤ እሱ ብቻውን የሚሸጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ከአሬራና ከእርሾ ባክቴሪያ ለይቶ የትኛው ጠንካራ አራቢኖስ አይሶሜሬዝ እንዳለው መፈተሽ ለተማሪ መመረቂያ የሚሆን ሥራ ነው። ሙቀቱን የሚችል አንድ ጥሩ ኢንዛይም በእኛ ሊጥ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ማን ፈልጎ አየ?

ባለፈው ስሄድ ይህን ሁሉ ለአክስቴ አጫወትኳቸው። ሻያቸው አሁን በአንድ ማንኪያ ነው፤ ቅርንፉድና ቀረፋ በዛ አድርገውበታል። ስለ ብቅሉ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሱን ያውቁታል። አጓቱ ላይ ስደርስ ግን አቋረጡኝ። «ከወተት ከሆነ ፍስክ ነው በለኛ!» አሉ።

እኔ ያላሰብኩት ጥያቄ ነበር። በዓመት ውስጥ ብዙውን ቀን ለሚጾም ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ላክቶስ ከወተት ነው፣ ታጋቶሱም ከላክቶሱ። ተጣርቶ ሲያበቃ ወተትነቱ ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚለውን አባቶች ይመልሱት፤ የኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላው መንገድ ግን ከወተት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የበቆሎ ወይም የስንዴ ስታርች ይወሰዳል። አንድ የባክቴሪያ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፣ ከሻጋታ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም ግሉኮስ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ፍሩክቶስ፣ አራተኛው አሉሎስ። አራቱም እንደ ቅብብል ሯጮች ናቸው። ይህን ስነግራቸው ብርጭቆውን አስቀመጡና «እንግዲያው ከበቆሎው አምጣልኝ፣ ለሁዳዴም እንዲሆነኝ» አሉኝ።